ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ትምህርት ለጠየቃችሁኝ

የዱር እንስሳት ጥበቃን በዩኒቨርሲቲ ተምሬ ለዓመታት በመስክ ሠርቻለሁ። ጥያቄዎቻችሁን በየተራ መልሻለሁ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ እንስሳት ስለምወድ ነው ትምህርቱን የመረጥኩት። ጊዜዬ ከእነሱ ጋር ያልፋል?

መልስ፦ ፍቅሩን አትጣለው፤ በዝናብ ድንኳን ውስጥ የሚያቆይህ እሱ ነው። ግን እንስሳውን ራሱን ከምታየው ይልቅ ዱካውን፣ ጸጉሩን፣ ሌሊት በካሜራ ወጥመድ (እንስሳ ሲያልፍ በራሱ በሚያነሳ ካሜራ) የተነሳ ፎቶውን የምታይበት ጊዜ ይበዛል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ከሰው ጋር የምትሆንበት ነው፦ ከእረኛ፣ ከገበሬ፣ ከጥበቃ ሠራተኛ፣ ከአስተዳዳሪ።

ጥያቄ፦ እኔ የምፈልገው ባዮሎጂውን ነው። የማኅበረሰብ ተሳትፎ ኮርሶች ለምን ግዴታ ሆኑብኝ?

መልስ፦ ቀይ ቀበሮን ውሰጂ። ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ለመራባት የደረሱትም ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። በባሌ ተራሮች ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በሽታው የሚዛመተው ደግሞ በዚያው ከሚኖሩ እረኞች ውሾች ነው። ስለ ቫይረሱ ጠንቅቀሽ ብታውቂም ባለቤቱ ውሻውን ለክትባት ካላመጣ ሥራው እዚያው ይቆማል። ውሻው ለእሱ ምኑ እንደሆነ፣ መቼ ደጅ እንደሚገኝ፣ መርፌውን ለምን እንደሚጠራጠር ካልጠየቅሽ ከየት ታውቂዋለሽ? እነዚያ ኮርሶች የሚያስተምሩት ይህንን መጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ ችግሩ የግንዛቤ ማነስ አይደለም ወይ? ሕዝቡን ማስተማር አይበቃም?

መልስ፦ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ይህንኑ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። ነብር በአንድ ሌሊት ፍየሎቹን የጨረሰበት ሰው ስለ ነብር ከእኛ በላይ ያውቃል። ከስብሰባ ይልቅ ጠንካራ በረትና ጠባቂ ውሻ ይረዱታል። በኬንያ ዝሆን ንብ እንደሚሸሽ ከተረጋገጠ በኋላ በማሳ ዙሪያ ቀፎዎችን በሽቦ አያይዞ መስቀል ተጀመረ፤ ዝሆኑ ሽቦውን ሲገፋ ቀፎዎቹ ይወዛወዛሉ፣ ንቦቹም ይወጣሉ። ገበሬው አዝመራውንም ያተርፋል፣ ማርም ይቆርጣል።

«ሰው ካልራቀ ተፈጥሮ አይጠበቅም» የሚለው አስተሳሰብ ሥሩ ሩቅ ነው። በ1872 በአሜሪካ የተከለለው የሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ ነባር ነዋሪዎቹን አስወጥቷል፤ ያ አካሄድ ወደ ሌሎች አህጉራትም ተሻግሯል። በ1968 አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ምሁር ጋሬት ሃርዲን በጋራ የተያዘ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ሲጽፍ ብዙ ሰው ተቀበለው። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ራሳቸው ባወጡት ደንብ ደናቸውንና ውኃቸውን ለዘመናት የጠበቁ ማኅበረሰቦችን እያጠናች ይህ ግዴታ አለመሆኑን አሳየች፤ በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችውም በዚህ ሥራዋ ነው።

በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ የሣር ምድር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ቄሮ በሚባለው ነባር የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይ ነበር፤ የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስኑት የተመረጡ አባቶች ነበሩ፤ ደንቡን የጣሰም ይቀጣ ነበር። በ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም የአካባቢው ሰዎች በኋላ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሰው አቁመውታል። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እዚያ አሉ።

ጥያቄ፦ ሰው ከተጠቀመ ይጠብቃል ማለት ነው? የቱሪዝም ገቢ ማካፈል ብቻውን ይበቃል?

መልስ፦ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ናሚቢያ በ1996 ባወጣችው ሕግ የተደራጁ የገጠር ማኅበረሰቦች በዱር እንስሳት ላይ መብት አግኝተዋል፤ ዛሬ እንዲህ ያሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታዎች ከ80 በላይ ናቸው። ሩዋንዳም ከፓርኮቿ ገቢ ለአጎራባች ነዋሪዎች ታካፍላለች፤ በ2005 በ5 በመቶ ጀምራ በ2017 ወደ 10 አሳድጋዋለች። ልብ በሉ፤ ናሚቢያ የሰጠችው መብት ነው፣ ድርሻ ብቻ አይደለም። ደግሞም በገንዘቡ ትምህርት ቤት ቢሠራ ጎሽ ድንቹን የረጋገጠበት ገበሬ ምንም ላያገኝ ይችላል። አንድ ፕሮጀክት ስታጠኑ ጉዳቱን ማን እንደተሸከመና ጥቅሙ ማን እጅ እንደገባ «ማኅበረሰቡ» ብላችሁ በጥቅሉ ሳይሆን በቤተሰብ ደረጃ ለዩ።

ጥያቄ፦ ስታትስቲክስ ያስፈራኛል።

መልስ፦ ሁላችንም ፈርተነዋል። ከአንደኛ ዓመት ጀምረሽ በራስሽ መረጃ ተለማመጂው፤ ካርታ መሥራትንም ጨምሪበት። ሥራ ስታመለክቺ በቅድሚያ የምትጠየቂው እነዚህን ነው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጥናቴ ስለ ሕገወጥ አደን ቃለ መጠይቅ ላደርግ ነው። ሰዎች እውነቱን ይነግሩኛል?

መልስ፦ በቀጥታ ከጠየቅካቸው አይነግሩህም፤ ሊፈረድባቸውም አይገባም። እኔ በመጀመሪያ ጥናቴ ስንት ከብት እንዳላቸው ጠይቄ ሁሉም አሳንሰው ነገሩኝ። ለግብር የምመዘግብ መስያቸው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማን እንደሆንኩና መረጃው የት እንደሚሄድ ሳላስረዳ ነው ወረቀት ያወጣሁት።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ከ1965 ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ አለ። ተጠያቂው አንተ ሳታይ ዳይስ (ከ1 እስከ 6 ቁጥር ያለበትን የመጫወቻ ጠጠር) ይጥላል፦ 1 ከወጣ «አዎ» ይላል፣ 6 ከወጣ «አይ» ይላል፣ ሌላ ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። «አዎ» ያለህ ሰው አድኖ ይሁን ዳይሱ አዝዞት አታውቅም፤ ከብዙ ሰዎች መልስ ግን አዳኞቹ በመቶ ስንት እንደሆኑ ታሰላለህ። ስም አትመዝግብ። የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳታገኝ አትጀምር። ብርቅ እንስሳ ያየህበትን ትክክለኛ ቦታም በይፋ አታውጣ፤ አዳኝም ያነባል።

ጥያቄ፦ ልጄ ይህን ልማር ብላ ቆርጣለች። ሥራ ታገኛለች?

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል። የሥራ ቦታው ጥቂት ነው፣ ጅማሬው ላይም ውሉ አጭር ይሆናል። ፓርኮች፣ የምርምር ተቋማት፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቶችና የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚሠሩ ድርጅቶች ይቀጥራሉ። አይከልክሏት፤ ነገር ግን በየክረምቱ መስክ እንድትወጣ ይርዷት።

ጥያቄ፦ የአርብቶ አደር ልጅ ነኝ። ክፍል ውስጥ የማውቀውን ለመናገር አፍራለሁ።

መልስ፦ እባክህ ተናገር። ድርቅ ሲመጣ ከብት ወዴት እንደሚነዳ፣ ጅብ የቱን በረት እንደሚደፍር የምታውቀው አንተ ነህ፤ መምህሩ ሊያጠናው ዓመታት ይፈጅበታል። የጥናት ጥያቄህን ከዚያ አውጣው።

ጥያቄ፦ መንደር ስገባ በመጀመሪያው ቀን ምን ልበል?

መልስ፦ በሽማግሌዎቹ በኩል ግባ፣ ማን እንደላከህና መቼ እንደምትሄድ ንገር። ሴቶቹን ለብቻ አነጋግራቸው፤ እንጨትና ውኃ ፍለጋ ወደ ዱሩ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው፣ በስብሰባው ግን ዝም ሊሉ ይችላሉ። የማትፈጽመውን ቃል አትግባ። ስትጨርስም ውጤቱን ይዘህ ተመለስ፤ የመመለሻውን ትራንስፖርት ገና ከጅምሩ በጥናትህ በጀት ውስጥ አስገባው።