ሞተሩ ሲግል አልነሳ የሚለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1982 የተሠራ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ሞተሩ 4ኬ ነው፤ ባለ ካርቡራቶርና ባለ ፑንቲና (የእሳቱን መስመር የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው መገናኛ)። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ከተማ ውስጥ ስዞር ውዬ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አቁሜው ስመለስ ግን ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) እያዞረው አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ከጠበቅሁት ምንም እንዳልነካው ይነሳል። በየቀኑ አይደለም፤ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ቦቢና (ለእሳቱ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ጥቅል)፣ ካንዴላና የነዳጅ ፖምፓ ተቀይረዋል፤ ለውጥ የለም። ጋራዥ ስወስደው ደግሞ ደህና ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህ ብልሽት ከመጠገኑ ይልቅ መያዙ ነው የሚከብደው። መኪናው መካኒኩ ዘንድ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ጤነኛ ነው። እስካሁን የተቀየሩት ሦስት ዕቃዎች በግምት የተቀየሩ ናቸው። ምርመራው መካሄድ ያለበት እንቢ ባለበት ቦታ፣ እንቢ ባለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ መኪናው ውስጥ አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ባለ 12 ቮልት መሞከሪያ አምፖል፣ ጨርቅ፣ አንድ ሊትር ውሃና የእሳት ማጥፊያ ይያዙ።

መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ሞተሩ ሲሠራ ውሃው ይዞራል፣ ቬንትሌተሩ ይነፍሳል፣ ካርቡራቶሩ ውስጥም ቀዝቃዛ ቤንዚን ይገባል። ሲጠፋ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ፤ የጭስ ማውጫው ብረት ግን ገና እንደጋለ ነው። 4ኬ ላይ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው በአንድ ጎን ስለሆኑ ካርቡራቶሩ ከምድጃው በላይ እንደተጣደ ጀበና ነው። ኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ከቆመ በኋላ ለአሥርና ሃያ ደቂቃ እየጨመረ ይሄዳል፤ እርስዎ የሚመለሱት ልክ በዚያ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቤንዚንም በዚያው ልክ ቀድሞ ወደ እንፋሎት ይለወጣል።

እንቢ ሲልዎት የነዳጅ ፔዳሉን አይምቱት። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ይክፈቱና የካርቡራቶሩን ጉሮሮ እያዩ የጋዙን ማንቀሳቀሻ በእጅ አንዴ ብቻ ይሳቡ። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ቀጥ ብሎ ከወጣ ነዳጅ አለ። ምንም ካልወጣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው የቤንዚን ቋት ደርቋል። ካርቡራቶሩ ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች፤ ብዙ ሰው አቧራዋን ጠርጎ አይቷት አያውቅም። የቤንዚኑ ልክ መስኮቷ መሐል ካለው ምልክት ላይ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ወርዶ ከጠፋ ነዳጁ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ከምልክቱ በላይ ከሆነ ደግሞ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ቾኩም (የካርቡራቶሩ የአየር መዝጊያ) በዚህ ሰዓት ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት፤ ሲግል የሚዘጋ ቾክ ብቻውን ይህን ሁሉ ያስከትላል።

ቋቱ ደርቆ ከተገኘ እርጥብ ጨርቅ በፖምፓውና በቱቦው ላይ ለሁለትና ሦስት ደቂቃ ያድርጉ። ውሃው የጋለው የጭስ ማውጫ ብረት ላይ እንዳይፈስ ይጠንቀቁ፣ ሊሰነጥቀው ይችላል። በዚህ ከተነሳ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ተይዞ ነበር ማለት ነው። መፍትሔው ሌላ ፖምፓ አይደለም። ቱቦው ብረቱን እየታከከ ከሆነ አርቀው ይሰሩት። ፖምፓው ወደ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) የሚመልስ ሦስተኛ ቱቦ ካለው ነቅለው ይንፉበት፤ ያለ ችግር ማለፍ አለበት፣ ከተደፈነ እንፋሎቱ መውጫ የለውም። የሰልባትዮውን ክዳን ሲከፍቱ አየር እየሳበ «ሽሽ» ካለ የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል። ካርቡራቶሩና ማኒፎልዱ (የአየር ማስገቢያው) መሐል የሚገባው ወፍራም ጥቁር የሙቀት መከላከያም ቦታው ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። በጥገና ወቅት ወጥቶ በስስ ጓርኒሲዮን (ጋስኬት) የተተካባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለ መኪና ሌላው ሁሉ ቢቀየርለትም አይድንም።

ሞልቶ ፈሶ ከሆነ ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ አለ፤ ካንዴላው ሲወጣ እርጥብና ጥቁር ነው። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠው ይያዙና ከአምስት እስከ ሰባት ሰከንድ ያዙሩ፤ ሞተሪኖውን ግማሽ ደቂቃ አሳርፈው ይድገሙ። ከተነሳ ምርመራው ወደ ቋቱ የሚገባውን ቤንዚን ወደሚቆጣጠሩት መርፌ ቫልቭና ተንሳፋፊ ልክ ይሄዳል።

ነዳጁ ትክክል ሆኖ ካልተነሳ እሳቱን እንይ። ማጣሪያውን ይክደኑ፤ የቤንዚን ሽታ ካለ አይሞክሩ። ትርፉን ካንዴላ በአንድ ገመድ ላይ ሰክተው አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር ያስነኩ፣ ገመዱን በላስቲክ እጀታ ፒንሳ ይያዙ፣ ሌላ ሰው ያዙር። ብልጭታው ሰማያዊና «ጣ ጣ» የሚል መሆን አለበት። ቀላ ብሎ የሚደክም ወይም የሌለ ከሆነ አምፖሉን ከቦቢናው የመቀነስ ጫፍና ከአካል ጋር ያገናኙ። ሲዞር ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው ይሠራል። ሳይጠፋ ከበራ ፑንቲናው አይገናኝም። ጭራሽ ካልበራ ወይ ቦቢናው ኃይል አላገኘም፣ ወይ ወደ ፑንቲናው የሚሄደው ሽቦ ወይም ኮንደንሰሩ (ከፑንቲናው ጋር የሚሠራው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማከማቻ) ከአካል ጋር ተነካክቷል።

አምፖሉ እያብለጨለጨ እሳቱ ደካማ ከሆነ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ኮንደንሰሩን ነው። ዋጋው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ሲግል የሚከዳውም እሱ ነው። የፑንቲናው ገጽ ጠቁሮ ከተቃጠለ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ሲቀይሩት የፑንቲናውን ክፍተት 0.45 ሚሊ ሜትር ያድርጉ። አዲሱን ቦቢናም እንዳለ አይመኑት። በመከላከያ ሬዚስተር በኩል የሚሠራ ቦቢና ዋና ጥቅሉ 1.5 ኦም አካባቢ ነው፣ በቀጥታ 12 ቮልት የሚወስደው ደግሞ 3 ኦም ገደማ። የመጀመሪያው ያለ ሬዚስተር ከተገጠመ ከመጠን በላይ ይግላል። ሲግልና ሲቀዘቅዝ ይለኩት፤ የመዳብ ኦም በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር በ60 ዲግሪ ልዩነት የሩብ ያህል ጭማሪ ጤነኛ ነው። ቁጥሩ ከዘለለ ወይም መስመሩ ከተቋረጠ ግን አዲስም ቢሆን ይጣል።

ነዳጁም እሳቱም ደህና ከሆኑ ቫልቮቹን ያስለኩ። በእጅ የሚስተካከል 4ኬ ላይ ሞተሩ ሞቆ ሲለካ የማስገቢያው 0.20፣ የማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ከጠበበ ሲግል ቫልቩ በደንብ አይገጥምም፣ መጭመቁም ይወርዳል።

ከሁሉ በላይ፣ በጠርሙስ ቤንዚን ካርቡራቶር ውስጥ እያፈሰሱ ማስነሳት ሰው አቃጥሏል። አያድርጉት፣ ለማንም አያስደርጉ።

ጥያቄ፦ የኔ መኪና ሲግል ቁልፉን ስጠመዝዘው «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ባትሪው አዲስ ነው። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው የእጅ ፍሬን ይሳቡ፤ ሰው ቁልፉን ሲይዝልዎት ይለኩ። ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ነው፣ ሞተሪኖው ሲጎትት ከ9.6 መውረድ የለበትም። ከባትሪው መደመር እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን የሚባክነው ከ0.5 ቮልት ከበለጠ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ችግር አለበት። ከመቀነሱ እስከ ሞተሩ አካል ከ0.3 በላይ ከሆነ የአካል ገመዱን ፍቀው ይሰሩት። እነዚህ ደህና ሆነው ወደ ሞተሪኖው በሚሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ ከ10 ቮልት በታች ከደረሰ ጥፋቱ ቁልፉ ወይም መስመሩ ነው፤ ባለ 30 አምፔር ሪሌይ (ረዳት ማብሪያ) መግጠም ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ሁሉም ጤነኛ ሆኖ አንዴ «ቀጭ» ብቻ ካለ ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተዋል። እነሱን ብቻ መቀየር ይቻላል፣ ሙሉ ሞተሪኖ አይግዙ።

ጥያቄ፦ የናፍጣ ሃይሉክስ፣ 3ኤል ሞተር። ቀዝቅዞ ወዲያው ይነሳል፤ ግሎ ግን ረጅም ጊዜ ያዞራል። ካሚኒ (የናፍጣ ሞተር ማሞቂያ ካንዴላ) ልቀይር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይደለም፤ ካሚኒ የሚያስፈልገው ሲቀዘቅዝ ነው። እንቢ ሲል ሞተሩ ጠፍቶ እያለ እርጥብ ጨርቅ በኢንጀክሽን ፖምፓው ራስ ላይ ለአሥር ደቂቃ ያድርጉ። እየሠራ ባለ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ሊያጣብቀው ስለሚችል ፈጽሞ አይሞክሩት። በዚህ ወዲያው ከተነሳ የፖምፓው የውስጥ አካል ተበልቷል፤ ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በተበላው ክፍተት ያመልጣል፣ በሞተሪኖ ዝግ ያለ ዙር ኢንጀክተሩን የሚከፍት ግፊት አይፈጠርም። ፖምፓውን ከማስፈታትዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ያረጋግጡ፦ ሞተሪኖው ሲግል ዙሩ አለመቀነሱን፣ እንዲሁም ወደ ፖምፓው በሚገባው መስመር ላይ ለሙከራ በተገጠመ ግልጽ ቱቦ ውስጥ አረፋ አለመኖሩን። አረፋ ካለ አየር የሚገባበትን ቱቦና ማሰሪያ ቀይረው እንደገና ይሞክሩት።