መልስ፦ የአሚጋ ሥዕሎችን ወደ ፒኤንጂ መቀየር ይበቃል ወይ?

በአሮጌ የአሚጋ (በ1980ዎቹ የወጣ የኮሞዶር ኩባንያ የቤት ኮምፒውተር) ፍሎፒ ዲስኮች ላይ ያሉትን ሥዕሎች ወደ ፒኤንጂ፣ ማለትም ዛሬ ወደተለመደው የሥዕል ፋይል ዓይነት፣ ቀይሮ ማስቀመጥ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ በእኔ እምነት አይበቃም። ተራ የፒሲ ድራይቭ የአሚጋን አጻጻፍ ስለማያነብ፣ መቅደም ያለበት እንደ ክራዮፍላክስ ባለ መሣሪያ የዲስኩን መግነጢሳዊ ምልክት እንዳለ አንብቦ ሙሉ ቅጂ ማስቀረት ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1985 በአሚጋ የሠራቸው ሥዕሎች በ2014 ይፋ የሆኑት፣ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ዲስኮቹን በዚህ መንገድ ካነበቡና የፋይሎቹን እንግዳ ፎርማት ከፈቱ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ስክሪኑ ነው። ለምሳሌ ከአሚጋ በፊት በወጣው የዚያው ኩባንያ ኮምፒውተር፣ በኮሞዶር 64፣ የብዙ ቀለም ሞድ ሥዕሉ 160 በ200 ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ጎን የሰፋ ነው፤ ሠዓሊዎችም ሁለት ቀለሞችን እያፈራረቁ የሚደረድሩት፣ በድሮው የቴሌቪዥን መስታወት ላይ ተዋህደው ሦስተኛ ቀለም እንዲመስሉ ነበር። ያው ሥዕል በዛሬው ጥርት ያለ ስክሪን የዳማ ሰሌዳ ይመስልና ሠዓሊው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ስለዚህ ከዲስኩ ቅጂ ጋር፣ ሥዕሉ በሲአርቲ (በድሮው ባለ መስታወት ቱቦ) ስክሪን ላይ እያለ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ የተሠራበት ፕሮግራምና፣ ሠዓሊው በሕይወት ካለ፣ የራሱ ማስታወሻ ቢቀመጥ መልካም ነው። ዲስኩን ከማስገባትዎ በፊት ግን በስሕተት እንዳይጻፍበት፣ በዲስኩ ጥግ ያለውን የጽሑፍ መከላከያ ማንሸራተት አይርሱ።