ጫጫታው ጠፋ፤ ድምፁም አብሮ ተበላሸ

ጥያቄ፦ የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ በስልኬ ቀርጬ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ማቀዝቀዣ ይሠራ እንደነበር ያስተዋልኩት በኋላ ሳዳምጠው ነው። ከሥር ዝዝዝ የሚል ድምፅ አለ፤ እንግዳው ሲስቁ ደግሞ ድምፃቸው ይሰነጠቃል። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም የጫጫታ መቀነሻ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ባጸዳው፣ ሰውየው ውኃ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ መሰሉ። ድጋሚ ልቀርጻቸው ስለማልችል ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ሦስት ጊዜ ያጸዱትን ቅጂ ይተዉትና ወደ መጀመሪያው ቀረጻ ይመለሱ፤ የጠፋው ከዚያ ቅጂ ላይ ተመልሶ አይገኝም። መሣሪያው ድምፁን ወደ ብዙ ጠባብ የድግግሞሽ ክፍሎች ይከፋፍልና፣ በናሙናነት ከሰጡት ጫጫታ ብዙም የማይበልጠውን ሁሉ ዝቅ ያደርጋል። ችግሩ እንደ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉ ፊደላት ድምፅ ራሱ ከጫጫታ ጋር በጣም የሚመሳሰል መሆኑ ነው። መሣሪያው እነዚህን አብሮ ሲያነሣ፣ የተረፈውም ብልጭ ድርግም ሲል፣ ያ የውኃ ውስጥ ድምፅ ይፈጠራል።

ሥራውን ከሳቁ ይጀምሩ። የድምፁን ሞገድ አጉልተው ቢያዩት ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ ያህል ጠፍጣፋ ሆኖ ያገኙታል። የተቆረጠውን የሚጠግነው መሣሪያ ከግራና ከቀኝ ያለውን ቅርጽ አይቶ የጎደለውን የሚገምት በመሆኑ፣ ሌላ ማጣሪያ ሞገዱን ከመለወጡ በፊት መቅደም አለበት። የሚጠገነው ጫፍ የሚያድግበት ቦታ እንዲኖረው አስቀድመው የድምፁን መጠን በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያህል ዝቅ ያድርጉት። ለአጭር ስንጥቅ ጥሩ ይሠራል፤ ረጅም ሳቅ ግን ሙሉ በሙሉ አይድንም።

ቀጥሎ ዝዝታው ነው። ከኤሌክትሪክ የሚመጣ ዝዝታ እንደየአገሩ መሥመር በ50 ወይም በ60 ሄርትዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) እና በብዜቶቹ፣ ማለትም በእጥፉ፣ በሦስት እጥፉ እያለ ይቀመጣል። ከ80 ሄርትዝ በታች ያለውን መቁረጥ ቢጠቅምም፣ የማቀዝቀዣ ሞተር ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚሰማው በ100 ወይም በ120 ሄርትዝ አካባቢ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። የወንድ ድምፅ መሠረትም እዚያው አካባቢ ስለሚገኝ ሰፊ ቦታ መቁረጥ ድምፁን ያቀጥነዋል፤ በጣም ጠባብ ማጣሪያ በእያንዳንዱ ብዜት ላይ ቢያደርጉ ይሻላል።

ወደ ጫጫታ መቀነሻው የሚመለሱት ከዚህ በኋላ ነው። እስትንፋስ እንኳ የሌለበት፣ ማቀዝቀዣው ብቻ የሚሰማበት አንድ ሁለት ሰከንድ ፈልገው በናሙናነት ይስጡት፤ ቅነሳውንም ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ይወስኑት። ኦዳሲቲ የሚወገደውን ብቻ ለይቶ የሚያሰማ ምርጫ አለው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመነው በእሱ ነው። እሱን ከፍተው ሲያዳምጡ ከማቀዝቀዣው ጋር የቃላት ቁራጭ ከሰሙ፣ ንግግሩን እየበሉት ነውና የመሣሪያውን ትብነት (Sensitivity የሚለውን ቁጥር) ይቀንሱ። ማቀዝቀዣ መሀል ላይ ራሱን ስለሚያጠፋ፣ ድምፁ የተለወጠበትን ክፍል ለብቻው በሌላ ናሙና ይሥሩ። ጥቂት ጫጫታ ከሥር ቢቀር አይጨነቁ፤ አድማጭ ወጥ የሆነን ጫጫታ ቶሎ ይለምደዋል፤ ብቅ ጥልቅ የሚለው ነው የሚያሰለቸው።

በቀረጻው ላይ የክፍል ማስተጋባት ካለ ከዚህ መንገድ ብዙ አይጠብቁ፤ ማስተጋባት የራሱ የተናጋሪው ድምፅ ስለሆነ በናሙና አይለይም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አዳዲስ መሣሪያዎች በዚህ በኩል የተሻሉ ናቸው። ሆኖም ያልሰሙትን ፊደል አንዳንድ ጊዜ ገምተው ስለሚተኩ፣ በተለይ የሰው ስምና ቁጥር የተጠራበትን ቦታ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀረጻ ጋር ያስተያዩ።

ድምፁን የሚያመጣጥነው ኮምፕረሰር የመጨረሻው ይሁን፤ ዝቅ ያለውን ሁሉ ከፍ ስለሚያደርግ ቀድሞ ከገባ ጫጫታውንም ያጎላዋል። ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ሲያነጻጽሩ ሁለቱን በእኩል ከፍታ ያዳምጡ፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል፣ መጀመሪያም ሦስት ጊዜ ያስደጋገመዎት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።