«ያሉት» ወይስ «የነበሩት»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ለእናቴ ሙት ዓመት የጥሪ ካርድ ላሳትም ሄጄ «በአጸደ ነፍስ ያሉት እናታችን ያረፉበት» ብዬ ብሰጥ፣ የማተሚያ ቤቱ ልጅ «ያሉት» የሚለውን ሰርዞ «የነበሩት» አደረገው። «የሞተ ሰው አለ አይባልም፤ አጸደም ለሕፃናት ትምህርት ቤት ነው» አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ያረፉበት» ማድበስበስ ስለሆነ «የሞቱበት» ይባል ይላል። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ካርዱ ሳይታተም መጠየቅዎ ደስ አሰኝቶኛል። የመጀመሪያው ጽሑፍዎ ትክክል ነው፤ አንዲት ፊደል ብቻ አስተካክላለሁ።

ዐጸድ በግእዝ የታጠረ ግቢ፣ ቅጥር ማለት ነው። ስለዚህም በዓይኑ «ዐ» ቢጻፍ ይመረጣል። የወይን ተክል ቦታው ዐጸደ ወይን ይባላል፤ የግእዙ ዳዊትም የእግዚአብሔርን አደባባዮች «አዕጻድ» ይላቸዋል። ሕፃናት የሚውሉበትን ግቢ ዐጸደ ሕፃናት ያልነው ከዚሁ ወስደን ነው። አባቶች ታዲያ የሰውን ኑሮ በሁለት ግቢ ከፍለው በዚህ ዓለም ያለውን «በዐጸደ ሥጋ»፣ ከሥጋው የተለየውን «በዐጸደ ነፍስ» አሉት። ከአንዱ ግቢ የወጣ ወደ ሌላው ይገባል። አሁን የልጁን እርማት ያንብቡት፦ «በዐጸደ ነፍስ የነበሩት እናታችን»። እናትዎ ወደ ነፍሳት ማደሪያ ገብተው፣ ኋላም ከዚያ ወጥተዋል ማለት ይሆናል! ይህን የሚያምን አንድ ክርስቲያን አላውቅም።

ነገሩ ከሰዋስው ያልፋል። ትንሣኤ ሙታን የለም የሚሉት ሰዱቃውያን ጌታን ሲከራከሩት የመለሰላቸው በዚችው በግሥ ጊዜ ነው። እግዚአብሔር ለሙሴ በተናገረ ጊዜ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ከተቀበሩ ብዙ ዘመን አልፏል። ሆኖም «የአብርሃም አምላክ ነኝ» አለ፤ «ነበርሁ» አላለም። ጌታም ይህን ጠቅሶ እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ እንጂ የሙታን አይደለም ሲል ደመደመ (ማቴ. 22፥32)። ሉቃስ ሲጽፈው ሁሉ ለእርሱ ሕያዋን ናቸው የሚለውን ጨምሮበታል (20፥38)። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ ያ ሁሉ ተስፋ የቆመው «ነኝ» በምትል ቃል ላይ ነውና። እርስዎ «ያሉት» ብለው ሲጽፉ ሳያስቡት በዚያው መንገድ ሄደዋል።

ወደ ወንድምዎ ልምጣ። «ሞተ» ነውር የለበትም፤ በጸሎተ ሃይማኖት ስለ ጌታም «ሞተ» እንላለን። ነገር ግን «ዐረፈ» ማድበስበስ አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ድሬዳዋ ሆቴል ያርፋል፤ አውሮፕላንም ያርፋል። ያረፈ ሁሉ ከመንገድ ተመልሶ አንድ ቦታ አለ። ራስ መኮንን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ዐረፉ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ መንገደኛው ቁልቢ አደሩ ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ እኔ ግን ይህን የቃሉ ጉድለት አልለውም። ሐረር ቅዱስ ሚካኤል መቃብራቸው አጠገብ በቆምሁ ቁጥር ቃሉ እንዴት እንደሚስማማ አስባለሁ። የዮሐንስ ራእይም (14፥13) በጌታ የሚሞቱት ከድካማቸው እንደሚያርፉ ይናገራል። «አንቀላፋ»ም እንዲሁ ነው፤ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ ሲሞት የሐዋርያት ሥራ የሚለው «አንቀላፋ» ነው። የሚያንቀላፋ ይነቃል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ በየካርዱና በየዜናው «ሕልፈተ ሕይወት» የሚለው። ለአደጋ ዜና ይሁን፤ ለአማኝ መታሰቢያ ግን ሕይወት ራሷ አለፈች የሚለውን ቃል ምን አስመረጠን? «ዕረፍት» እያለልን!

«ነፍስ ይማር» የሚለውም ምስክር ነው። «ይማር» እዚህ ከምሕረት እንጂ ከትምህርት አይደለም፤ ግእዙም «መሐረ» (ይቅር አለ) እና «መሀረ» (አስተማረ) የሚሉትን በፊደል ይለያቸዋል። ለሌለች ነፍስ ማን ምሕረት ይለምናል? የወንጌላውያን አማኞች ለሞቱ ሰዎች ስለማይጸልዩ ይህን አይሉም፤ «ወደ ጌታ ሄዱ» ይላሉ። መሄድም መድረሻ ይፈልጋል።

«የነበሩት»ን ልጁ ከወደደው ቦታ አለው፤ «በዐጸደ ሥጋ ሳሉ የእድራችን አባል የነበሩት» ብሎ ያስገባው። የካርዱ ራስ ግን እንዲህ ይታተም፦ «በዐጸደ ነፍስ ያሉት ውድ እናታችን ያረፉበት 1ኛ ዓመት መታሰቢያ»።