የካርቦን ስስ ፊልም ለመማር ማሽን የግድ ነው?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተሰነጠቀ፣ ቻርጅ ባለው ጋዝ) በሚሠሩ የካርቦን ስስ ፊልሞች ላይ ዶክትሬቴን መሥራት እፈልጋለሁ፤ ግን የምለማመድበት ማሽን የለኝም። ምን ይዤ ላመልክት?

እህቴ፣ ማሽን የለም ብለሽ ርዕሱን አትተዪው። ማሽኑ ፊልሙን በደቂቃዎች ሠርቶ ይጨርሳል፤ ቀናት የሚፈጀው የወጣው ፊልም ምን እንደሆነ ማወቁ ነው። አንቺም በልኬቱ በኩል ግቢ።

አሠራሩን ግን በደንብ እወቂ። የሲሊኮን ቁራጭ በአሴቶን፣ ቀጥሎ በአይሶፕሮፓኖል ይታጠብና በቻምበሩ (አየሩ በፓምፕ በሚወጣለት ዝግ ዕቃ) ውስጥ አርኤፍ (የሬዲዮ ሞገድ) ኃይል በሚገባበት ኤሌክትሮድ ላይ ይቀመጣል። ግፊቱ ወደ 0.001 ፓስካል ሲወርድ በአርጎን ፕላዝማ ለ10 ደቂቃ ያህል ገጹ ይጠረጋል። ከዚያ ሜቴን ወይም አሴቲሊን በጥቂት ፓስካል ግፊት ይገባል፤ የአርኤፍ ኃይሉ ድግግሞሽ 13.56 ሜጋኸርዝ ነው። ዋናው ቁጥር ሰልፍ ባያስ የሚባለው፣ ኤሌክትሮዱ ላይ በራሱ የሚፈጠረው ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ነው። ሲያንስ ፊልሙ ሃይድሮጅን የበዛበት፣ ለስላሳ ይሆናል፤ ሲበዛ ወደ ግራፋይት ያደላል። አልማዝ መሳዩ ጠንካራ ካርቦን በመካከል ነው የሚገኘው። የኃይሉን ዋት ጽፎ ባያሱን የዘለለ ሪፖርት ሌላ ላብራቶሪ ሊደግመው አይችልም።

ቃለ መጠይቅ ላይ “ፊልሙ ለምን ተላጠ?” ብለው ቢጠይቁሽ፣ ጠንካራ ፊልም በውስጡ በጊጋፓስካል የሚቆጠር የመጨመቅ ውጥረት እንደሚይዝ ተናገሪ። ውፍረቱ ሲጨምር የሚከማቸው የውጥረት ጉልበት ፊልሙን ከያዘው የማጣበቅ ኃይል ይበልጣል። ከቻምበሩ ሲወጣ ደህና የነበረ ፊልም ከሰዓታት በኋላ በአየሩ እርጥበት ሊነሳ ይችላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ትል የተጠማዘዘ እብጠት ነው። ብረት ላይ ደግሞ ካርቦን በቀጥታ አይጣበቅም፤ መጀመሪያ ስስ የሲሊኮን ወይም የክሮሚየም ንጣፍ ያስፈልጋል።

ራማን (ሌዘር አብርቶ ከተበተነው ብርሃን ቦንዶቹን የሚለይ ልኬት) ላይ በቂ ጊዜ አሳልፊ። በ514 ናኖሜትር ሌዘር ጂ እና ዲ የሚባሉ ሁለት የካርቦን ጫፎች ይወጣሉ፦ የጂ ጫፍ ከ1,500 እስከ 1,580፣ የዲ ጫፍ 1,350 አካባቢ ይታያል፤ አሃዱ በሴንቲሜትር ተገላቢጦሽ (cm⁻¹) ነው። 1,332 ላይ ስለታም ጫፍ አጣሁ ብለሽ አትደንግጪ፤ እሱ የክሪስታል አልማዝ ምልክት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሌዘሩ ኃይል ነው፦ ጨረሩ ራሱ ፊልሙን አሙቆ ግራፋይት ያደርገዋል። ከ1 ሚሊዋት በታች ጀምረሽ አንዱን ነጥብ ሁለቴ ለኪ፤ ሁለተኛው ከተለየ ሌዘሩ አቃጥሎታል። የሁለቱን ጫፎች ንጥጥርም የአልማዝ ቦንድ መጠን ነው ብለሽ አትጻፊ፤ የሚታይ ብርሃን የሚያሳየው በአብዛኛው የግራፋይቱን ቦንድ ነው።

ፊልሙን በሹል መርፌ ወግቶ ጥንካሬ ሲለካ መርፌው ከፊልሙ ውፍረት 10 በመቶ በላይ አይግባ፤ 300 ናኖሜትር ከሆነ እስከ 30። ካለፈ የለካሽው ከሥሩ ያለውን ሲሊኮን ጭምር ነው።

ቫክዩም አስቀድመሽ ተማሪ፤ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራም ይጠቅምሻል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ቻምበር ላይ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 770 ሚሊባር ገደማ ነው የሚያሳየው። ይህን የማያውቅ ጌጁ ተበላሸ ብሎ በባሕር ጠለል ግፊት፣ 1,013 ላይ ያስተካክለዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ ከሌለ የፓምፑ ዘይት ወደ ቻምበሩ ይሳባል፤ ዘይት ያለበት ገጽ ላይ ፊልም አይያዝም።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በወረቀት ላይ ወፈር ያለ የእርሳስ መስመር አስምሪ፤ የእርሳሱ ውስጥ ግራፋይት ስላለው ካርቦን መለካት ትለማመጃለሽ። ሬዚስታንሱን በሁለት ሽቦ፣ ቀጥሎ በአራት ሽቦ ለኪና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አስረጂ። በነፃ የሚገኝ የራማን ዳታ አውርደሽም ሁለቱን ጫፎች በፓይተን ፕሮግራም ከርቭ ገጥሚላቸው (fit)፤ ከጫፎቹ ሥር ያለውን የጀርባ ብርሃን ከመቀነስሽ በፊት ተዳፋቱን መዝግቢ፣ ሃይድሮጅን መኖሩን ይጠቁማል። ለፕሮፌሰሩ ስትጽፊ ከማመልከቻው ጋር አንዱን ግራፍ ላኪ፣ የስህተት ህዳጉ የተጻፈበትን።