መጀመሪያ ወረቀት፣ ስልኩ በኋላ

መምህር፣ ጥያቄዎን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። «58 የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አሉኝ፤ በኢንተርኔት እየተቀባበሉ ታሪክ የሚጽፉበትን ጨዋታ ላስጀምራቸው አስቤያለሁ፤ ከየት ልነሣ?» ነው ያሉት። እኔም እዚሁ ጎንደር አማርኛ አስተምራለሁ። ጨዋታውን ሦስት ዓመት ሞክሬዋለሁ፤ የመጀመሪያው ዓመት አልተሳካልኝም።

ያልተሳካው ስልክ ስላስቀደምኩ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ፣ «ባጃጁ ጃንተከል ዋርካ ሥር ሲደርስ ሞተሩ ጠፋ» ብዬ ጻፍኩና «በሉ ቀጥሉ» አልኳቸው። አንዱ ወዲያው «ሹፌሩም ሞተ» አለ። ሌላው ከሞት አስነሣው። ሦስተኛው አሜሪካ ወሰደው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግሩፑ ስቲከር ብቻ ሆነ። ስልክ የሌላቸው ልጆች ደግሞ በማግስቱ ክፍል ሲገቡ፣ ጓደኞቻቸው በምን እንደሚስቁ እንኳ አላወቁም። ይሄኛው እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያለ ስልክ ያድርጓቸው። ተራ መቀባበሉን እኮ ልጆቹ ያውቁታል። «እንቆቅልህ» ሲባሉ «ምን አውቅልህ» እያሉ ነው ያደጉት። እኔ አሁን የምጀምረው ከዚያ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ይጫወታሉ፤ ከዚያ «መልሱ የጠፋው ልጅ ምን ያደርጋል?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። «አገር ይሰጣላ!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። የተሸነፈውም የሚሰጠው ነገር አለው፤ ጨዋታው የማይቋረጠው ለዚህ ነው። ታሪክ ሲቀባበሉም እንዲሁ መሆኑን ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ሰባት ሰባት ሆነው አንድ ወረቀት ይዘው ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1925 አካባቢ ፓሪስ ውስጥ ሱሪያሊስት የሚባሉት አርቲስቶች ወረቀቱን እያጠፉ፣ ከፊት የተጻፈውን ሳያዩ ይጽፉ ነበር። እሱን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አጫውታቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ ይፍታታሉ። በሚቀጥለው ቀን ወረቀቱ አይታጠፍም፤ አንድ ሕግም ይገባል፦ ከአንተ በፊት የጻፈው ልጅ ካመጣው ነገር ቢያንስ አንዱ በአንተ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መኖር አለበት። ይህች ሕግ ሹፌሩን ከሞት አዳነችው። ለመጻፍ መጀመሪያ ማንበብ ግድ ሆነባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስቶሪየም የሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰዎች በኢንተርኔት ባዋጡት ገንዘብ የተሠራ ነው። አንዱ ተጫዋች ተራኪ ይሆንና ችግር ያመጣል፤ ሌሎቹ የየገጸ ባሕርያቸውን ካርድ እየጣሉ ይጽፋሉ። የጠንካራ ጎን ካርድ አለ፣ የደካማ ጎን ካርድ አለ። እኔ የወሰድኩት ይህን ሐሳብ ነው። ካርዱን ከካርቶን ቆርጠን በእስክሪብቶ ጻፍንበት።

መምህር፣ የደካማ ጎኑን ካርድ እንዳይተዉት! ያለ እሱ ልጆች ጀግና ብቻ ነው የሚጽፉት። ባለፈው ዓመት ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ እጇን አውጥታ የማታውቅ ተማሪ ነበረችኝ። ገጸ ባሕርይዋ ፋሲል ግቢ ውስጥ አስጎብኚ ናት፤ የደረሳት ካርድ «ከፍታ ትፈራለች» ይላል። ተራኪው የአንድ ጎብኚ ልጅ ግንቡ ላይ ወጥቶ መውረድ አቃተው አለ። እሷ እንዲህ ጻፈች፦ «ደረጃውን እየቆጠርኩ ወጣሁ። አሥራ አንደኛው ላይ እግሬ እምቢ አለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ልጁን በስሙ ጠራሁት።» ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀጣዩ ተረኛ ልጁን በድምጿ እየመራ አወረደው። በኋላ አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ እግሯ እምቢ ባይላት እኮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር» አለኝ።

ስልኩ የሚመጣው ይህን ካዩ በኋላ ነው። በአንድ ቡድን ሁለት ስልክ ይበቃል፤ ስልክ የሌለው በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ ስልክ ያለው ያስገባለታል። ወላጆችን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ከቴሌግራም ይልቅ፣ ብዙ ሰው አንድ ፋይል ላይ አብሮ የሚጽፍበትን ጎግል ዶክስን እመርጣለሁ፤ ማን ምን እንደጻፈና ምን እንደጠፋ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይቻላል። ፋይሉ አስቀድሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ከተደረገ ኔትወርክ ቢጠፋም ይጽፋሉ፣ ሲመለስ ራሱ ያስገባዋል። ለአንድ ተራ አንድ ሙሉ ቀን ይስጡ፤ መብራት ይጠፋል፣ የቤት ሥራም አለ። በላቲን ፊደል አማርኛ እንዳይጽፉ ግን አጥብቀው ይያዙ፤ ጂቦርድ በሚባለው የጎግል መጻፊያ መተግበሪያ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አለ።

እርስዎ ተራኪ ሲሆኑ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አይጻፉ። እጅ ይበላል፣ አውቃለሁ። ግን መምህሩ ብዙ በጻፈ ቁጥር ልጆቹ እሱ የሚፈልገውን መገመት ይጀምራሉ።

ታሪኩ ሲያልቅ ቡድኑ ቆሞ ያነብና «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ባለፈው ሰኔ ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ይህን ከማለቷ በፊት፣ እናቷ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ከቦርሳዋ አወጣች።

እኔ ጋ 40 የተጻፉ ካርዶች አሉ። ከፈለጉ በውስጥ ይጻፉልኝ፤ ፎቶ አንሥቼ ዛሬ ማታ እልክልዎታለሁ።