የላላ የጎማ ብረት፦ መጀመሪያ እንጨቱን ይለኩ

ጥያቄ፦ ኬንያ ውስጥ ኤልዶሬት አቅራቢያ የእንግዳ ማረፊያ አስተዳድራለሁ። ግቢው ውስጥ በሰፋሪዎቹ ዘመን የተሠራ የበሬ ሠረገላ ቆሟል። የኋላ ጎማው ቁመት 1.40 ሜትር ነው፤ ዙሪያውን የያዘው የብረት ቀለበት 75 ሚሊ ሜትር ስፋትና 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። አሁን በደረቁ ወራት ቀለበቱ ላልቶ በእጅ ሲገፋ ይንሸራተታል። አንዱ ጎማውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ይለኛል፤ የሰፈሩ በያጅ ደግሞ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ላሜራ ወትፌ ላጥብቀው ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የሁለቱንም አይስሙ። ላሜራ የሚይዘው የተወተፈበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላው እንደላላ ይቀራልና ጎማው ሲዞር ጭነቱ ሁሉ እዚያ ነጥብ ላይ ወድቆ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ውሃው ደግሞ ለአንድ ሳምንት ያታልላል። የረጠበ እንጨት ሊያብጥ ሲል ብረቱ ያፍነዋል፤ መሄጃ ሲያጣ የራሱን ጭረት ይደፈጥጣል። ሲደርቅ ከበፊቱ ያነሰ ሆኖ ይቀራል። መንገድ ላይ ያለ ነጂ ጎማውን ወንዝ ውስጥ ማሳደሩ ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ነው፤ እርስዎ ግን አለዎት።

የአካባቢው ታሪክ ራሱ ይህን ሥራ ያስረዳል። ቦወሮቹ (የደች ዘር ያላቸው ነጭ ገበሬዎች) ከደቡብ አፍሪካ ከትራንስቫል መጥተው የማሳይና የናንዲ ግጦሽ በነበረው፣ ኤልዶሬት ባለችበት የዋሲን ጊሹ አምባ ላይ በብዛት የሰፈሩት እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ባቡር ኤልዶሬት የገባው ግን በ1924 ስለሆነ ዕቃው ከሎንዲያኒ ጣቢያ በሠረገላ ይወጣ ነበር። ኬንያን የሚያቋርጠውን «የኡጋንዳ ባቡር» ለመሥራት (1896–1901) ከፑንጃብ ከመጡት ሲኮች መካከል አናጺና ቀጥቃጭ የሆኑ ብዙዎች በደጋ ከተሞች ወርክሾፕ ከፈቱ፤ እዚያ ባለሙያውን ሁሉ በአንድ ቃል «ፉንዲ» ይሉታል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ድርቀት እንጨት ይኮማተራል፣ ብረት ግን አይኮማተርም። ስለዚህ የላላ ቀለበት ማሳጠር ለሠረገላ አገር ቀጥቃጭ በየዓመቱ የሚመጣ ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ጎማዎ። የቀለበቱን ብሎኖች ፈትተው ብረቱን ያውጡ፤ ከዛጉ በመሰርሰሪያ ይብሱ እንጂ በእሳት አያቃጥሉ። ከዚያ ሦስት ነገር ይዩ። አንደኛ፣ ከእምብርቱ የሚወጡት ዘንጎች ሲነቀነቁ ይላወሳሉ? ሁለተኛ፣ የዘንጉ ምላስ (ቅስቱ ውስጥ የሚሰካው ጫፉ) በዙሪያው ቅስት እንጨት አልፎ ወጥቷል? ከወጣ ብረቱ የሚያርፈው በምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ የቅስቶቹ መጋጠሚያ ደግሞ አይዘጋም። ምላሱን ከቅስቱ ገጽ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ እስኪል በመሮ ይቁረጡ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው፦ ቅስቶቹ እርስ በርስ ገጥመው ዘንጎቹ ግን ከላሉ፣ ቀለበቱን የቱንም ያህል ቢያጠብቁ ኃይሉ ቅስት በቅስት ላይ ያልቃል እንጂ ወደ እምብርቱ አይደርስም። ያኔ በአንዱ መጋጠሚያ በመጋዝ አንድ ስንጥቅ ያህል ይክፈቱ። የበሰበሰ ቅስት ወይም ዘንግ ካለ በደረቀ ወይራ ይተኩ፤ ወይራ በዚያም በእኛም ደጋ ይገኛል። ጥድና ዝግባ ለጣውላ ጥሩ ናቸው፤ ለጎማ ግን ይለሰልሳሉ።

ልኬቱን በሜትር አይመኑት፤ የቀለበቱን ውስጥ በሜትር በትክክል መለካት ያስቸግራል። ከላሜራ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ቆርጠው እጀታ ያብጁላት፤ ጠርዟ ላይ አንድ ጭረት ያድርጉ። ጎማው ላይ በጠመኔ ካሰመሩት ነጥብ ጀምረው ዙሪያውን ያሽከርክሯትና ዙሩን ይቁጠሩ፤ ትርፉንም ጠርዟ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በዚያችው ክብ የቀለበቱን ውስጥ ይለኩ። ሁለቱም ቀዝቃዛ ሆነው ይለኩ።

የእርስዎ ጎማ ዙሪያ 4,398 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰባት ቅስት ቢኖረውና እያንዳንዱ መጋጠሚያ 1 ሚሊ ሜትር ቢከፈት 7 ይቀንሳሉ፤ ምክንያቱም ያ ክፍተት ይዘጋል። ለመጭመቂያ ሌላ 8 ሚሊ ሜትር ይቀንሱ። ቀለበቱ ውስጡ 4,383 ይሁን ማለት ነው። አሮጌ እንጨት ከዚህ በላይ ባይጨመቅ ይሻላል፦ ጎማው እንደ ሳህን ትንሽ ጎድጎድ ብሎ የተሠራ ነው፤ ጭምቀቱ ሲበዛ ጎድጓዳው ይጨምርና ዘንጎቹ ይቆለመማሉ። ሌላም ገደብ አለ። ይህን ያህል ብረት በ400 ዲግሪ ሲሞቅ ዙሪያው የሚሰፋው 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ካሳጠሩት ሞቆም አይገባም።

ማሳጠሩ ሁለት መንገድ አለው። ቀለበቱን ሳይቆርጡ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አግሎ፣ ትንሽ ጉብ አድርጎ አጥፎ፣ ጉብታውን በመዶሻ ወደ ውስጡ ማስገባት የድሮ ቀጥቃጭ ዘዴ ነው፤ ለጥቂት ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለበለጠ ይቁረጡና ይበይዱ። ሁለቱን ጫፍ በግራይንደር በሁለት ወገን አሹለው፣ 7018 በሚባል የደረቀ የብየዳ ኤሌክትሮድ እስከ ውስጡ ይሙሉት። በመካከል የሚተዉት 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ርዝመቱን መልሶ ስለሚጨምር ሲቆርጡ ያስቡበት፤ ከብየዳው በኋላም እንደገና ይለኩ። የውስጡን ጉብታ አለስልሱ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቁራጩን በጉጠት ይዘው አጥፈው ይስበሩት። እንደ እንጨት ጭረት ካሳየ የጥንቱ ንብርብር ብረት ነውና በብየዳ ጠርዝ ሊላጥ ይችላል፤ ቀድመው አሙቀው ቀስ ብለው ይበይዱ።

ጎማውን በውጭ ፊቱ አስደፍተው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያስሩት፤ እምብርቱ የሚገባበት ጉድጓድ ይቆፈር። ቀለበቱን በሦስት ድንጋይ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው በፍልጥና በኩበት ዙሪያውን እኩል ያንድዱበት። ግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ፍም አይምሰል። ደረቅ እንጨት ውስጡን ሲነካ ወዲያው ከጨሰና ከጠቆረ ደርሷል፤ ካለፈ ቅስቱን ያከስለውና የጨመቁት 8 ሚሊ ሜትር በአመድ ይበላል።

ብረቱ 41 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሦስት ሰው በረጅም ጉጠት ያንሣ፤ ሁለት ሰው ውሃ ይዞ ይጠብቅ። አንዱን ጎን አስገብተው ሌላውን በድጅኖ ይሳቡት፣ በመዶሻ ያውርዱት። እሳት ከተነሣ መጀመሪያ እዚያ ያፍስሱ፤ ከዚያ ዙሪያውን ሳያቋርጡ ያጠጡ። አንድ ወገን ብቻ ከቀዘቀዘ ጎማው ይጣመማል። መጋጠሚያዎቹ ሲዘጉ ቀጭ ቀጭ ሲሉ ይሰማሉ፤ ይህ ድምፅ ካልመጣ ልኬቱ ስቷል።

ሲበርድ አክስል ላይ አስገብተው ያሽከርክሩት። ቀለበቱ ስላጠረ የድሮ የብሎን ቀዳዳዎች አይገጥሙም፤ በእያንዳንዱ ቅስት መሃል አዲስ ይብሱ፣ ከመጋጠሚያው ያርቁ። ብሎኑ ብረቱ እንዳይንሸራተት ብቻ ነው፤ የሚይዘው ጭምቀቱ ነው። ከዚያ እንጨቱን ሁለት ጊዜ «የፈላ» ተብሎ በሚሸጥ የተልባ ዘይት ይቀቡት፤ የእምብርቱን ጫፎችና የቅስቶቹን መጋጠሚያ አይርሱ፣ እርጥበት የሚገባውና የሚወጣው በዚያ ነው። ጎማዎቹን ከመሬት አንሥተው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ከጥላ በታች ያቁሟቸው።